ሐኪሙ ሲጨርስ የሚጀመረው ሥራ

ጡቷ በነቀርሳ ተወስዶ እንደገና የተሠራላት ሴት እንዴት ታገግማለች?

በአገራችን የታመመን ሰው መጠየቅ የቆየ ባሕል ነው። እግሩ የተሰበረውን፣ ወባ የያዘውን፣ ትርፍ አንጀቱን በኦፕራሲዮን ያስወጣውን ሰው ዘመድ ወዳጁ እየተመላለሰ ይጠይቀዋል፤ እርሱም ሕመሙን ከነስሙ ጠርቶ፣ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ያጫውታል። ስሙ የማይጠራ ሕመም ግን አለ። ጠያቂው «ለመሆኑ ምን ነካት?» ሲል ቤተሰቡ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ትንሽ ኦፕራሲዮን ነበረባት» በማለት ነገሩን ይዘጋዋል። የጡት ነቀርሳ፣ ዛሬ በተለመደው አጠራር የጡት ካንሰር፣ ከእነዚህ ሕመሞች አንዱ ነው።

ዛሬ በዚህ ገጽ ይህንኑ ስሙ የማይጠራ ሕመም፣ ይልቁንም ከሕመሙ በኋላ የሚመጣውን ነገር አንሥተን ልንነጋገር ነው። «ይህ የሴቶች ጉዳይ ነው፤ ለተማሪና ለወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ምን ይፈይድለታል?» የሚል አንባቢ ቢኖር መልሳችን አጭር ነው። ተማሪው እናት አለችው፤ ወጣቱ ሠራተኛ ሚስት ወይም እጮኛ፣ እህት ወይም አክስት፣ በአንድ ቢሮ አብራው የምትሠራ ባልደረባም አለችው። አንባቢዪቱም ብትሆን ነገሩ ነገ የራሷ ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ ሐኪሙ የሰጠውን ወረቀት አንብቦ ለቤተሰቡ የሚያስረዳው፣ መድኃኒት ቤት የሚላከው፣ የቀጠሮ ቀን የሚያስታውሰው ብዙውን ጊዜ ያው የተማረው ልጅ ነው። እርሱ ያላወቀውን ቤተሰቡ ከማን ይማረዋል?

ልናስረዳ የምንሻው ነገር አንድ ነው። በነቀርሳ ምክንያት የተወሰደ ጡት በዛሬው የሕክምና ጥበብ ተመልሶ ሊሠራ ይችላል፤ ሴቲቱ ግን ከኦፕራሲዮን ክፍል በወጣችበት ቀን አትድንም። የሐኪሙ ሥራ ሲያልቅ የእርሷ ሥራ ይጀመራል፤ ያም ሥራ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ይፈጃል። ዘመድ ወዳጅ ልብሷን ለብሳ፣ ደረቷ ተስተካክሎ ባየ ጊዜ «እንግዲህ ዳነች» ብሎ ዞር ካለ፣ እርዳታ በሚያስፈልጋት ሰዓት ብቻዋን ትቷታል ማለት ነው።

ሐኪሞች በሽታውን ብቻ ይመለከቱ የነበረበት ዘመን

ነገሩን ከሥር መሠረቱ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያሻል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ በአሜሪካ፣ በባልቲሞር ከተማ፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ዊሊያም ሃልስቴድ በጡት ነቀርሳ ላይ ጽኑ ዘመቻ ከፈቱ። ዘዴያቸው ጡቱን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያሉትን የደረት ጡንቻዎችና በብብት ውስጥ ያሉትን ንፍፊቶች ጭምር ባንድነት ቆርጦ ማውጣት ነበር። በ1894 የ50 ሴቶችን ውጤት አሳትመው ሲያወጡ፣ በሽታው እዚያው ደረት ላይ ተመልሶ የተነሣባቸው ጥቂቶች ሆነው ስለ ተገኙ፣ የሃልስቴድ ኦፕራሲዮን ለብዙ አሥርት ዓመታት በሐኪሞች ዘንድ እንደ ሕግ ሆኖ ኖረ። ለዚያ ዘመን ይህ ታላቅ እርምጃ እንደ ነበረ መካድ አይቻልም። ዳሩ ግን ከኦፕራሲዮኑ የተረፈችው ሴት የጎድን አጥንቷ በቆዳዋ ሥር የሚቆጠር፣ ክንዷ እንደ ልብ የማይነሣ፣ ብዙ ጊዜም እጅዋ የሚያብጥባት ሆና ትቀር ነበር። በቁስሉ ላይ ሌላ ሥጋና ቆዳ ቢደረብ ተመልሶ የሚመጣውን በሽታ ይደብቃል የሚል ፍርሃት ስለ ነበረም፣ ጡቷን መልሶ የመሥራት ሐሳብ የሚያነሣ ሐኪም ጥቂት ነበር።

ሆኖም ሐሳቡ ጨርሶ አልጠፋም። በ1895 በጀርመን አገር በሃይደልበርግ ከተማ ፕሮፌሰር ቪንሰንዝ ቼርኒ ነቀርሳ ባልሆነ ሕመም ምክንያት የአንዲትን ዘፋኝ ጡት ካወጡ በኋላ፣ ከራሷ ገላ ላይ ጉዳት የሌለው የስብ እብጠት ወስደው በባዶው ቦታ ተኩት። በ1906ም በጣልያን አገር ኢጂኒዮ ታንሲኒ የጀርባን ሰፊ ጡንቻ ከነቆዳው አዙሮ በተቆረጠው ደረት ላይ ማልበስ እንደሚቻል ገለጹ። ይህ ዘዴ ለረጅም ዘመን ተረስቶ ከቆየ በኋላ በ1970ዎቹ እንደገና ተነሥቶ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ሕመምተኛዋ አስተማሪ ስትሆን

በዚያ በቀድሞው ዘመን አንዲት ሴት በጡቷ ላይ እብጠት ተገኝቶ ለምርመራ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ስትገባ፣ ከነጡቷ ትውጣ ወይስ ያለ ጡት፣ የምታውቀው ነገር አልነበረም። በማደንዘዣ ተኝታ ሳለች ከእብጠቱ ላይ ናሙና ተወስዶ ይመረመራል፤ ነቀርሳ መሆኑ ከታወቀ ሳትነቃ ጡቷ ይወሰዳል። የሆነውን የምታውቀው ከነቃች በኋላ ነበር።

በ1952 በኒው ዮርክ ከተማ ጡታቸው የተወሰደባቸው ወይዘሮ ቴሬዝ ላሰር ከዚህ መከራ ውስጥ አንድ መልካም ነገር አወጡ። ከኦፕራሲዮን በኋላ ክንድን እንዴት ማለማመድ እንደሚገባ፣ ከልብስ ሥር ምን እንደሚደረግ፣ ለባልና ለልጆች ምን እንደሚነገር የሚመክር ሰው አለመኖሩን ስለ ተረዱ፣ እንደ እርሳቸው የታመሙትን ሴቶች በየሆስፒታሉ እየዞሩ መጠየቅ ጀመሩ። ይዘው የሚሄዱት ዕቃ ጥቂት ነበር፤ ክንድ የሚለማመዱበት ኳስና ገመድ፣ እንዲሁም ለጊዜው በጡት መያዣ ውስጥ የሚገባ ሰው ሠራሽ ጡት። ከዕቃው ይልቅ የሚበልጠው ግን ቆመው መታየታቸው ነበር። በአልጋ ላይ ያለችው ሴት ያንኑ ኦፕራሲዮን አልፋ፣ ለብሳና ተጫምታ የመጣች ሌላ ሴት ማየቷ ከብዙ ምክር ይበልጥ ያጽናናት ነበር። «ሪች ቱ ሪከቨሪ» ተብሎ የተሰየመው ይህ ሥራ በ1969 በአሜሪካ የካንሰር ማኅበር ሥር ገብቶ ወደ ሌሎች አገሮችም ተዛመተ። ከዚህ የምንረዳው ማገገምን ያስተማሩት መጀመሪያ ራሳቸው ያገገሙት መሆናቸውን ነው።

በ1974 ደግሞ ሁለት ነገሮች ሆኑ። የፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ባለቤት ቤቲ ፎርድ ባላቸው ሥልጣን ከያዙ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በመስከረም ወር ጡታቸው በኦፕራሲዮን ተወሰደ። እርሳቸውና ቤተሰባቸው ነገሩን ሳይደብቁ ለጋዜጦች በመግለጻቸው ቁጥራቸው የበዛ ሴቶች ለምርመራ ወደ ሐኪም ቤት ጎረፉ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአባቶቻችን ተረት በዋይት ሐውስም ሠራ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ሮዝ ኩሽነር የተባለች ጋዜጠኛ በጡቷ ላይ እብጠት ባገኘች ጊዜ፣ «በማደንዘዣ ተኝቼ ሳለሁ ማንም አይወስንልኝም» በሚል አቋም ጸናች፤ ምርመራው ለብቻ፣ ኦፕራሲዮኑም ለብቻ እንዲሆን በጽሑፏ ተከራከረች። በ1979 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የሰበሰቡት የባለሙያዎች ጉባኤ፣ እርሷም አባል ሆና በተገኘችበት፣ ይህንኑ የሁለት ጊዜ አሠራር ደገፈ።

በመጨረሻም በአሜሪካ በበርናርድ ፊሸር፣ በጣልያንም በኡምቤርቶ ቬሮኔዚ የተመሩት ጥናቶች የ20 ዓመት ውጤታቸው በ2002 ታትሞ ሲወጣ፣ በሽታው ገና ሳይስፋፋ ለተገኘባቸው ሴቶች እብጠቱን ብቻ ማውጣትና ጨረር መስጠት በሕይወት መቆየትን በሚመለከት ጡትን ሙሉ በሙሉ ከማውጣት እንደማያንስ አረጋገጡ። እንግዲህ ዛሬ ሁሉም ጡት አይወሰድም። መወሰድ ያለበት ጡት ሲኖር ደግሞ፣ ይሠራ ወይስ አይሠራ የሚለው ጥያቄ የሴቲቱ የራሷ ሆኗል።

ጡት የሚሠራባቸው ሁለት መንገዶች

አንደኛው መንገድ ሰው ሠራሽ ነገር ማስገባት ነው። ይህ የተጀመረው በ1962 በአሜሪካ በሂዩስተን ከተማ ቶማስ ክሮኒንና ፍራንክ ጄሮው የተባሉ ሐኪሞች በሲሊኮን የተሞላ ከረጢት በጡት ውስጥ ባስገቡ ጊዜ ነው። ያ የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ጡትን ለማተለቅ የተደረገ ሲሆን፣ በ1970ዎቹ ጡታቸው ለተወሰደባቸው ሴቶችም ይውል ጀመር። የቀረው የደረት ቆዳ ከረጢቱን ለመያዝ የማይበቃ ሲሆን በመጀመሪያ እንደ ፊኛ ያለ ነገር ከሥሩ ይቀመጣል። ከዚያም በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ በመርፌ የጨው ውሃ እየተጨመረበት ቆዳው ቀስ በቀስ ይለጠጣል፤ በቂ ሲሆን በሌላ ኦፕራሲዮን ፊኛው ወጥቶ ቋሚው ከረጢት ይገባል። ውሃው በተጨመረ ቁጥር አንድ ሁለት ቀን ደረቷ ተወጥሮ ይጨንቃታል።

ይህ መንገድ ኦፕራሲዮኑ አጠር ያለ መሆኑ ይወደድለታል። ነገር ግን ከረጢቱ ለዕድሜ ልክ የተሠራ አይደለም፤ ከዓመታት በኋላ መለወጥ ሊያስፈልገው ይችላል። በዙሪያው የሚፈጠረው ጠባሳ እየጠነከረ ሊያጨማድደው ይችላል፤ በተለይም ጨረር በተሰጠው ደረት ላይ ይህ ይበዛል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት በ1992 የሲሊኮኑን ከረጢት ለቁንጅና ከሚደረግ ኦፕራሲዮን ከልክሎ፣ ጡታቸው ለተወሰደባቸው ሴቶች ግን በጥናት ሥር ሆኖ እንዲሰጥ ፈቅዶ ነበር፤ በ2006 ለቁንጅናም እንደገና ፈቀደ። በ2019ም ላዩ ሻካራ የሆነ አንድ ዓይነት ከረጢት ብዙ ጊዜ ከማይታይ የሊምፍ ነቀርሳ ጋር ግንኙነት ስለ ተገኘበት ከገበያ እንዲሰበሰብ ሆኗል።

ሁለተኛው መንገድ ከሴቲቱ ከራሷ ገላ መሥራት ነው። በ1982 በአትላንታ ከተማ ካርል ሃርትራምፕፍ ከእምብርት በታች ያለውን ቆዳና ስብ ከሆድ ጡንቻ ጋር ወደ ደረት አንሥቶ ጡት የመሥራትን ዘዴ አሳተሙ። የሆድ ጡንቻ መወሰዱ ግን ሆድን የሚያላላ ጉዳት ስለ ነበረው፣ በ1990ዎቹ በኒው ኦርሊንስ ሮበርት አለን ጡንቻውን በቦታው ትተው ቆዳውን፣ ስቡንና ቀጫጭን የደም ሥሮቹን ብቻ ወስደው በደረት ካሉት የደም ሥሮች ጋር በማይክሮስኮፕ እያዩ መስፋትን አስለመዱ። ሥራው ብዙ ሰዓት ይፈጃል። የተሠራው ጡት ግን ሕያው ሥጋ ስለ ሆነ ሴቲቱ ስትወፍር ይወፍራል፤ ስትከሳም ይከሳል።

በየትኛውም መንገድ ቢሆን ጡትን መልሶ መሥራት ነቀርሳው ተመልሶ እንዲመጣ አያደርግም። የቀድሞዎቹ ሐኪሞች ፍርሃት በዚህ ረገድ እውነት ሆኖ አልተገኘም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ከሆድ የተወሰደ ሥጋ በደረት ላይ ከተተከለ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት እጅግ የሚያሰጉ ናቸው። ጠጉር በሚያህል ክር የተሰፋው የደም ሥር በረጋ ደም ቢዘጋ ጡቱ ይሞታልና። ስለዚህ አስታማሚዋ ነርስ በመጀመሪያው ቀን በየሰዓቱ እየመጣች የጡቱን ሙቀትና መልክ ትመረምራለች፤ በውስጡ የሚያልፈውንም ደም ድምፁን በሚያሰማ መሣሪያ ታዳምጣለች። በጠይም ቆዳ ላይ የመልክ ለውጥ ቶሎ ስለማይለይ፣ እንደ እኛ ላለ ሰው ሙቀቱንና ድምፁን መከታተል ይበልጥ ያሻል። አንዳች ነገር ከታየ ሕመምተኛዋ በሰዓታት ውስጥ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ትመለሳለች። ዘመድ በዚያ ቀን በብዛት መጥቶ አልጋውን ከመክበብ ይልቅ፣ አንድ ሰው መድቦ ነርሷ ሥራዋን በጸጥታ እንድትሠራ ቢያደርግ ታላቅ እርዳታ ነው።

ወደ ቤት ስትመለስ ብዙውን ጊዜ ከቁስሉ ሥር የሚወጡ ቀጫጭን ቱቦዎች አብረዋት ይመጣሉ። በጫፋቸው በእጅ የሚጨመቅ ትንሽ የፕላስቲክ ኳስ አለ፤ ከውስጥ የሚጠራቀመውን ፈሳሽ እየሳበ ያወጣል። ይህ ፈሳሽ በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ተለክቶ መጻፍ አለበት። ሐኪሙ ቱቦውን የሚያወጣው መጠኑ ሲቀንስ ነው፤ ብዙዎች በ24 ሰዓት ውስጥ ከ30 ሚሊ ሊትር በታች እስኪሆን ይጠብቃሉ፤ ይህም ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። እነሆ፣ ለተማሪው የሚሆን ሥራ ይኸው ነው። አንድ ደብተር ይዞ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ መጠኑንና መልኩን ቢጽፍ፣ ፈሳሹን ከመንካቱ በፊትና በኋላ እጁን በሳሙና ቢታጠብ፣ እናቱን ቁስሏ እንዳያመረቅዝ ጠበቃት ማለት ነው። ትኩሳቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ቁስሉ ከጋለ፣ ካበጠ፣ መጥፎ ሽታ ካመጣ ወይም በዙሪያው ያለው ቆዳ መልኩን ከለወጠ፣ ነገ ዛሬ ሳይባል ለሐኪሙ መንገር ይገባል። በጠይም ገላ ላይ ቁጣው ቀይ ሆኖ ሳይሆን ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ መስሎ ሊታይ እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም።

ከሆዷ ተወስዶ የተሠራላት ሴት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀና ብላ መሄድ አትችልም፤ የሆዷ ስፌት ይስባታልና ጎበጥ ብላ ትራመዳለች። ስትተኛም ከጉልበቷ ሥር ትራስ ይደረግላታል። ክብደት ማንሣትን በተመለከተ፣ ብዙ ሐኪሞች ለስድስት ሳምንት ያህል ከ4 ወይም ከ5 ኪሎ በላይ እንዳታነሣ ያዛሉ። ይህ በእኛ ቤት ምን ማለት እንደ ሆነ እናስብ። በ20 ሊትር ጀሪካን የተሞላ ውሃ 20 ኪሎ ነው። ሕፃን ማዘል፣ የሊጥ ቡሃቃ ማንሣት፣ የገበያ ዘንቢል መሸከም፣ ልብስ ማጠብ ሁሉ ከትእዛዙ ውጭ ነው። እናት ደግሞ ሥራ ተቆልሎ እያየች ዝም ብላ መቀመጥ አይሆንላትም። ስለዚህ «ተቀመጪ» ብሎ መምከር አይበቃም፤ ሥራው ሌላ ሰው ሠርቶት ማየት አለባት።

ክንዷን ግን ፈጽሞ ሳታንቀሳቅስ ብትቀር ትከሻዋ ይደርቃል። ሐኪሙ በፈቀደው ቀን ጀምራ ጣቶቿን በግድግዳ ላይ እያራመደች ክንዷን ቀስ በቀስ ወደ ላይ ማንሣት፣ በገዛ እጅዋም ጠጉሯን ማበጠር ትለማመዳለች። ትናንት ከደረሰችበት ዛሬ አንድ ጣት ያህል ከፍ ብትል እርምጃ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ! በብብቷ ያሉት ንፍፊቶች ከተወሰዱም እጅዋ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ እንኳ ሊያብጥ ስለሚችል፣ እጅዋ መክበዱን ወይም ቀለበቷ መጥበቡን ካየች ሳትውል ሳታድር ለሐኪሟ ማሳየት ይገባታል።

ወደ ቢሮ መመለስ እንደ ኦፕራሲዮኑና እንደ ሥራው ዓይነት ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ይጠይቃል። ከዚያም በኋላ ቢሆን ሕክምናው ላያልቅ ይችላል። ነቀርሳው በሴት ሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ከሆነ፣ ኪኒን ለአምስት፣ ለአንዳንዶችም እስከ አሥር ዓመት ይታዘዛል። በሰውነቷ ላይ የሚታይ ቁስል የለምና «ዳነች» የተባለችው ሴት በቀትር ሰዓት በወንበሯ ላይ ድክም ሲላት ስንፍና አይደለም።

የማይታየው ነገር

ስለ ተሠራ ጡት ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ስሜት የለውም። ጡቱ ሲወጣ ስሜት የሚያደርሱት ነርቮች ስለሚቆረጡ፣ ከውጭ ደህና የሚመስለው ጡት ሲነካ አይታወቃትም። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ጥቂት ስሜት ሊመለስ ይችላል፤ እንደ ቀድሞው መሆኑ ግን የማይጠበቅ ነው። ይህ የልብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ አደጋም አለበት። ሙቅ ውሃ የያዘ ላስቲክ በደረታቸው ላይ አድርገው ሳይታወቃቸው የተቃጠሉ ሴቶች ታይተዋል። በምድጃ ወይም በምጣድ አጠገብ የምትሠራ ሴት እሳቱ ደረቷን ሲያገኛት ላይሰማት ስለሚችል ራቅ ብላ መቆም አለባት።

ሕፃኗን ስታቅፍ በዚያ በኩል ሙቀቱ አይሰማትም። ባሏ ሲያቅፋትም እንዲሁ ነው። መስተዋት ፊት ቆማ የምታየውን ጠባሳ ለመልመድም ጊዜ ይፈልጋል፤ በጠይም ቆዳ ላይ ጠባሳው ወፍሮና ከፍ ብሎ ሊቀር ይችላል። የጡት ጫፍ የጎደለ እንደ ሆነ ከወራት በኋላ ከዚያው ቆዳ ታጥፎ ይሠራል፤ በዙሪያው ያለውም ጠቆር ያለ መልክ በንቅሳት ይሣላል። እናቶቻችን ለውበት በአንገታቸውና በድዳቸው ያደርጉት የነበረው ንቅሳት በዛሬው ሆስፒታል የጎደለውን ገላ ለመሙላት ማገልገሉ የሚያስደንቅ ነው። ይህ ሁሉ ሆኖም ሴቲቱ «ደስ ብሎኛል» ስትል «ይከፋኛልም» ብትል እውነቷን ነው። ከሞት መትረፏን ማመስገኗ ያጣችውን እንዳታዝን አይከለክላትም።

ጡቷን ሳታሠራ ለመኖር የምትመርጥም አለች። አሜሪካዊቷ ባለቅኔ ኦድሪ ሎርድ በ1978 አንድ ጡቷ ከተወሰደ በኋላ ሰው ሠራሽ ጡት አላደርግም አለች። ወደ ሐኪሟ ቢሮ እንዲሁ በሄደች ጊዜ፣ እዚያ ያለችው ነርስ የእርሷ እንዲህ ሆኖ መምጣት የቢሮውን መንፈስ ይጎዳል በማለት እንደ ወቀሰቻት በ1980 ባሳተመችው መጽሐፍ ጽፋለች። ሎርድ የተቃወመችው ሴት ከሌሎች ሰዎች ዓይን ሐፍረት ለመሸሽ ብላ ምንም እንዳልደረሰባት መምሰል አለባት መባሉን ነው። ይህንን አስተያየት ጡታቸውን ያሠሩትም ሆኑ ያላሠሩት ሴቶች ሊስማሙበት የሚችሉ ይመስለናል። ምርጫው የማን እንደ ሆነ ግልጽ ከሆነ ሁለቱም ትክክል ናቸውና።

ሕግም ይህንኑ ምርጫ ሊደግፍ ይችላል። በአሜሪካ በ1998 የወጣው ሕግ፣ ጡት የማስወጣትን ወጪ የሚከፍል የጤና መድን ድርጅት ጡቱን መልሶ የማሠራቱንም፣ ሌላውን ጡት አስተካክሎ የማመሳሰሉንም፣ ከውጭ የሚደረገውን ሰው ሠራሽ ጡትም፣ የእጅ እብጠትን ሕክምናም አብሮ እንዲከፍል ያስገድዳል። በዋሽንግተንና በሌሎቹ ከተሞች የሚኖሩት እህቶቻችንም እንዲህ ያለ መድን ካላቸው ይህ መብት አላቸው።

በእኛ አገር

በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚይዙት የነቀርሳ ዓይነቶች በብዛት የሚታየው የጡት ነቀርሳ ነው። ብዙዎቹ ሴቶች ወደ ሐኪም የሚመጡትም በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። ለረጅም ዘመን የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው አዲስ አበባ ያለው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ሆኖ ቆይቶ፣ በቅርብ ዓመታት ነው በሌሎች ከተሞችም መጀመር የተቻለው። የተበላሸ ገላን መልሶ የመሥራት ጥበብ ለአገራችን ጨርሶ እንግዳ አይደለም፤ በአለርት የሥጋ ደዌ ያኮማተረው እጅ፣ በየካቲት 12 ሆስፒታልም እሳት ያቃጠለው ገላ ሲጠገን ኖሯል። ሆኖም የዚህ ሙያ ሐኪሞች ቁጥራቸው ጥቂት ስለ ሆነ፣ ጡቷን ለማሠራት የምትሻ ሴት ሁሉ የምታገኘው አገልግሎት አይደለም።

ታዲያ ይህን ሁሉ ማውራታችን ለምንድነው ቢባል፣ ብዙ ሴት እብጠቱን እያወቀች የምትደብቀው ስለ ሞት ብቻ ሳይሆን ጡቷን ማጣትንም ስለምትፈራ ነው። «ጡት የሌላት» እንዳትባል፣ ባሏ ፊቱን እንዳያዞርባት፣ እጮኛዋ እንዳይተዋት ትሰጋለች። በየወሩ የምታዘገየው ቀጠሮ ግን የመትረፍ ዕድሏን ያጠበዋል። እብጠቱ ትንሽ ሳለ ብትሄድ ኖሮ ምናልባት ጡቷ እንኳ ባልተወሰደ ነበር። እንግዲህ በወንዶች ጨዋታ መካከል የሚወረወር አንድ ቀልድ፣ በቤት ውስጥ የሚነገር አንድ የንቀት ቃል፣ ሰሚዋን ሴት ከሐኪም ቤት በር ሊመልሳት ይችላል። የሚያድናት ቃል ደግሞ እንዲሁ ቀላል ነው፤ «አብሬሽ እሄዳለሁ» የሚል።

ስለዚህ አንባቢዎቻችንን የምናሳስባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ባል የሆንክ፣ ጡቷን ታሠራ ወይም አታሠራ ብለህ አትፍረድ፤ ሐሳቧን ጠይቀህ በውሳኔዋ ቁም፤ ጠባሳዋን ልታሳይህ ዝግጁ እስክትሆንም ታገሥ። ልጅ የሆንክ፣ ጀሪካኑን አንሣ፣ ደብተሩን ያዝ፣ ቀጠሮዋን አስታውስ። የቢሮ አለቃ ወይም ባልደረባ የሆንክ፣ ስትመለስ ዓይንህን ከደረቷ ላይ አንሥተህ «እንኳን ደህና መጣሽ» በላት፤ ከባዱን ፋይል ከመደርደሪያው ላይ አውርድላት፤ ለሕክምና ፈቃድ ስትጠይቅም «እስከ አሁን አልዳንሽም እንዴ?» አትበላት። ጠያቂ ሆናችሁ የምትሄዱ፣ አጥሚቱና ዳቦው ደግ ነገር ነው፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ አይሁን። ሰዉ ሁሉ በተመለሰበት በሦስተኛው ወር ብትሄዱ የበለጠ ደስ ይላታል። አንቺም አንባቢያችን፣ በጡትሽ ላይ አዲስ እብጠት፣ የቆዳ መጨማደድ፣ ከጫፉ የሚወጣ ደም ወይም የጫፉ ወደ ውስጥ መግባት ብታዪ፣ አያምም ብለሽ አታዘግዪው። በመጀመሪያ ጊዜ የጡት ነቀርሳ አብዛኛውን ጊዜ አያምምምና።

ወይዘሮ ላሰር በ1952 በየሆስፒታሉ ሲዞሩ በእጃቸው የነበረው ጥቂት ዕቃ ብቻ ነበር። እኛ አገር በየከተማው የፕላስቲክ ሰርጀሪ ሐኪም እስኪገኝ ድረስ ጊዜ ይወስድ ይሆናል። የታመመችን እህት ስሙን ሳይፈሩ መጠየቅ፣ ሸክሟን መቀበልና ምርጫዋን ማክበር ግን ማናችንም ከዛሬ ጀምሮ ልንሠራው የምንችለው ነው።